ባሕሩ ግንቡ ውስጥ አለ

በዚህ አምድ ስለ ግድግዳ ሥዕል፣ ስለ አርማታ ቅርጽና ስለ አደባባይ ጥበብ የምትልኩልኝን ጥያቄ እመልሳለሁ። ከ30 ዓመት በላይ አርማታ ስቀርጽና ግንብ ስቀባ ኖሬያለሁ። ቤቴ አቃቂ ነው፤ ከወንዙ ብዙ አይርቅም። በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ባሕር ይጠይቃሉ። ሦስቱም ጸሐፊዎች ከከተማው ዳር ናቸው፣ አይተዋወቁም። አብሬ ልመልሳቸው ወደድኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ልጆች 40 ሜትር የሚሆነውን የአጥር ግንብ ለመቀባት ተነስተዋል። የመረጡት የባሕር ዳርቻ ነው፤ ኮራል፣ ኤሊ፣ ዓሣ። ስልክ ላይ አይተውት ነው የወደዱት። የወላጆች ኮሚቴ ግን "ባሕር ለሌለው አገር የባሕር ሥዕል ምን ያደርጋል? ዋልያ ሥሩ" አለ። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል። እኔም መሃል ቆሜያለሁ። ምን ልበላቸው? ቀለሙንስ ክረምት እንዳይበላው ምን እናድርግ?

መልስ፦ መምህርት፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኮሚቴው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የልጆቹም ምርጫ ጥሩ ነው። የሚያገናኛቸው ነገር ደግሞ እዚያው ግንቡ ውስጥ አለ።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የግቢውን አጥር ቀባልን ብሎ ጠራኝ። ከካላንደር የተቀደደ ፎቶ ሰጡኝ። ሰማያዊ ባሕር፣ ብርቱካናማ ዓሣዎች፣ ሁለት ዶልፊን። ልስኑ ገና አልደረቀም ነበር። ይቆይ አልኩ፤ ለምረቃ ይድረስልን አሉ። ቀባሁት። ልጨርስ ስል አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር ስታልፍ ቆመች። ዳቦዋን እየገመጠች ብዙ አየችው። "ይሄ የት ነው?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ጨው አወጣ። ነጭ ዱቄት ከሥር ገፍቶ ወጣና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። መጀመሪያ የሄደው የአንዱ ዶልፊን ዐይን ነበር። የቀለሙ መላጥ ያኔ አናዶኝ አልፏል። የልጅቷ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ልጆቹን እንዲህ ይበሏቸው፦ ሰው ቆሞ "ይሄ የት ነው?" ሲላችሁ መልስ ያለው ሥዕል ሥሩ።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንሂድ። ባሕር የለንም ብሏል። ማዕበል የሚመታው ዳርቻ የለንም፣ ልክ ነው። ድንጋዩ ግን አለን። ጠረጴዛዬ ላይ ቡጢ የምታህል፣ ከሙገር ሸለቆ የመጣች ድንጋይ አለች። የኖራ ድንጋይ ይጭን የነበረ ሹፌር ነው የሰጠኝ። መልኳ ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ ወደ ቅቤ ቀለም ይወስደዋል። በአንድ ጎኗ አውራ ጣቴን የምታህል ዛጎል ተጣብቃባታለች። ከዛጎሏ ሥር የሚነሱት መስመሮች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው እስከ ጠርዟ ይደርሳሉ። በጥፍር ሲሄዱባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እርጥብ ጨርቅ ሳደርግባት ጠቆር ትልና አሁን ከውሃ የወጣች ትመስላለች።

ያ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ የባሕር ወለል ነበር። ባሕሩ የአገራችንን ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። የዓባይ በረሃን ሲወርዱ የሚያዩት ፈዛዛ የድንጋይ ንብርብር የዚያው ባሕር ነው። ትግራይ ውስጥ የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ የሚባለውም እንደዚያው። ሙገር ላይ ይህን ድንጋይ ፈልፍለው፣ ከሸክላ አፈር ጋር ፈጭተው፣ 1,450 ዲግሪ አካባቢ አቃጥለው ሲሚንቶ ያደርጉታል። ያ ሲሚንቶ ነው ብሎኬት፣ ልስን፣ የኮንዶሚኒየም ኮለን የሚሆነው። የእርስዎም አጥር ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ነው የተሠራው። ልጆቹ ባሕር ሊስሉ ብሩሽ ያነሱት ባሕር በነበረ ነገር ላይ ነው።

ኮራሉም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ኮራል ባሕር ውስጥ ከኖራ ቤት እየሠሩ ተያይዘው የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። አፋር ውስጥ፣ በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ የሆነ ኮራል ተዘርግቶ ይታያል። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። ውሃው ሲተን ጨው ትቶ ሄደ። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚያ ጨው የተቆረጠ ነው። አንድ አሞሌ ግንቡ ላይ ቢሳል የትኛውም ወላጅ ያውቀዋል።

ሳይንስ ስለሚያስተምሩ ቀጥሎ ያለውን ለክፍልም ይጠቀሙበታል። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ዛጎሉ ውስጥ ተቆልፎ የኖረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚለቀቀው ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከማቃጠያው ነዳጅ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ደግሞ ውቅያኖስ ይጠጣዋል። ሲጠጣው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የባሕሩ የላይኛው ውሃ ፒኤች፣ ማለትም አሲድነቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ልጆቹ "ይህቺ ምን አላት?" ይሉዎታል። የፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ያቺ 0.1 ወደ 26 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ናት። ኮራልና ዛጎል ለቤታቸው የሚሠሩበት ኖራ እየራቃቸው ይሄዳል። የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ያሳድሩ። መጀመሪያ አረፋ ያወጣል፤ በማግስቱ የሚቀረው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። እኔ የልጅ ልጄን አሳይቻት ከብርጭቆው አጠገብ አልነሳ ብላ አምሽታለች።

ይህን ሁሉ የምነግርዎት ሥዕሉ ትምህርት ይሁን ብዬ አይደለም። በዓለም ላይ ከባሕር ዳርቻ የተነሱት ጥሩ ጥሩ የአደባባይ ሥራዎች ከአንድ የተለካ ነገር ስለሚጀምሩ ነው። እንግሊዛዊው ቀራጭ ጄሰን ዲካይርስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2006 ግሬናዳ በምትባል ደሴት ባሕር ውስጥ ሐውልቶች አስቀመጠ። የሚጠቀምበት ሲሚንቶ የተለየ ነው። የእኛ ዓይነቱ ተራ ሲሚንቶ ባሕር ውስጥ ሲገባ ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ጥቃቅን የኮራል እጮች አይወዱትም። የእሱ ግን ፒኤቹ የተስተካከለ ነው፤ ገጹም ሻካራ ነው። እጮቹ ያርፉበታል፣ ይበቅሉበታል። ሲሚንቶ ወደ መጣበት ተመልሶ የኮራል ቤት ሲሆን ማየት ለእኔ ለአርማታ ሠራተኛው ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ይኸው ሰው አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታውንስቪል በምትባል የወደብ ከተማ፣ ውሃው ላይ የቆመች የልጃገረድ ሐውልት ሠርቷል። ቁመቷ ከሰው እጥፍ ይበልጣል። ማታ ታበራለች። የመብራቷን ቀለም የሚወስነው ዴቪስ ሪፍ ከሚባል የኮራል ቦታ የሚላክ የውሃ ሙቀት ልኬት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ወደ ቀይ። ለምን ሙቀት? ኮራል ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ። አብዛኛውን ምግቡንም ቀለሙንም የሚያገኘው ከነሱ ነው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ አንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካልቀዘቀዘለት በረሃብ ይሞታል። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ይህ ሆኗል። የከተማው ሰው ጠልቆ አያየውም። ማታ ወክ ሲወጣ ግን የልጅቷን ቀለም ያያል።

የእኛ ዳርቻ ማነው? አቃቂ ነው። ወንዛችን አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ግድብ ነው። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፣ ቆቃ ይደርሳል፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው! እኛ የጣልነውን ውቅያኖስ አይወስድልንም። ፌስታሉም ሃይላንዱም በመንገድ ላይ በእኛው ግድብና ሐይቅ ይከማቻል። የከተማው ፍሳሽ የሚመግበው እምቦጭ አባ ሳሙኤልን እንዴት እንደሸፈነው ልጆቹን ወስደው ያሳዩአቸው። በዚያው ቀን ወፎቹን ያያሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ ስምጥ ሸለቆንና ቀይ ባሕርን ተከትለው የሚበሩ ወፎች ናቸው። ዋልያን እወደዋለሁ። ግን ዋልያ ሰሜን ተራራ ነው፤ ልጆቹ በእግራቸው ሄደው አያዩትም። እነዚህን ግን ከመስከረም በኋላ ቆጥረው ይመጣሉ፤ የቆጠሩትን ያህል ይስላሉ።

አንድ ሌላ ሐሳብ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢቭ ሞሸር የምትባል አርቲስት ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በእግሯ እየዞረች በሰማያዊ ጠመኔ መስመር አሰመረች። መስመሩ ከባሕር ጠለል 10 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ። በየሰፈሩ፣ በየመኪና ማቆሚያው፣ በየሱቁ ደጃፍ አለፈ። ሰው እየወጣ "ምንድነው?" ይላታል፤ ባሕሩ ሲቆጣ እስከዚህ ሊመጣ ይችላል ትለዋለች። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ከተማው አስገባው።

አቃቂም ክረምት ክረምት ይሞላል። ሰፈሩ ውስጥ ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጆቹ ቤት ለቤት ይጠይቁ። "እስከ መስኮቱ"፣ "አልጋው እስኪንሳፈፍ" የሚለውን በሜትር ይጻፉት። ከዚያ አንድ ግንበኛ ለምነው የውሃ ልክ ላስቲኩን ይዋሱ። መምህርት፣ ይህን ራስዎ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ላስቲክ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለ። አንድ ልጅ ጫፉን እዚህ ይይዛል፣ ሌላው ግንቡ መጨረሻ። ውሃው ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋል። ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ይቆማል፤ በመሃሉ ድንጋይ ቢኖር ጉድጓድ ቢኖር ግድ የለውም። እዚያ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። "ከባሕር ጠለል በላይ" እያልን የምናስተምረው ነገር በልጆቹ እጅ ላይ ነው ያለው። ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ በዚያ ላስቲክ ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሰምሩት። ከመስመሩ በታች ድንጋዩ፣ ዛጎሉ፣ አሞሌው፣ ኮራሉ ይሁን። ከላይ የአቃቂ ወፎች።

ዛጎሎቹን አይቀቧቸው፤ ያትሟቸው። የታችኛው ልስን ገና እርጥብ ሳለ ልጆቹ ከሸክላ በሠሩት ቅርጽ ይጫኑት። ቀለም ቢለቅ እንኳን ቅርጹ ይቀራል። ማየት የማይችል ልጅም በጣቱ ያነበዋል።

ስለ ቀለሙ ባጭሩ። አዲሱን ልስን ቢያንስ 28 ቀን አድርቁት። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ጀምሩ። አሮጌው ግድግዳ ጨው ካወጣ በደረቁ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። ዘይት ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ስለሚላጥ አትጠቀሙ፤ የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል። የግንቡ አናት ላይ ውሃውን ወደ ውጭ የሚጥል ክዳን ከሌለ መጀመሪያ እሱን አሠሩ። ገንዘብ ካነሰ ከ40 ሜትሩ 15 ሜትር ብቻ ሥሩ እንጂ ክዳኑን አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ የምንኖር ሰባት ሴቶች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያፈላን ዳንቴል እንሠራለን፤ የሶፋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ። የአንዷ ልጅ "ውጭ አገር በዳንቴል የባሕር ኮራል ሠርተው ሙዚየም አስገብተዋል" አለችን። እውነት ነው? እኛስ ለብሎካችን መግቢያ መሥራት እንችላለን?

መልስ፦ እውነት ነው እህቶቼ፣ ደግሞም ከእናንተ የሚቀርብለት የለም። ማርጋሬትና ክርስቲን ወርታይም የሚባሉ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ፣ ቤታቸው ውስጥ ጀመሩት። ኮራሉ እየነጣ መሞቱ አሳስቧቸው ነበር። በየአገሩ ያሉ ሴቶች እየተቀላቀሏቸው በሺዎች ሆኑ። ሥራው በ2019 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ትልቅ የጥበብ ትርኢት፣ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ቀርቧል።

ከጀርባው ያለው ሒሳብ ነው። ለዘመናት የጂኦሜትሪ ምሁራን አንድ ዓይነት ጠመዝማዛ ገጽ በወረቀት አውቀውት በእጅ የሚጨበጥ ማድረግ ተቸግረው ነበር። ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1997 ኪሮሽ አነሳችና ሠራችው። ልጅ ሆና የተማረችው የእጅ ሥራ ነው የፈታላት።

እንዴት? ክብ ጀምሩ። ክብ ዳንቴል ጠፍጣፋ እንዲሆን በየዙሩ ስንት እንደምትጨምሩ እጃችሁ ያውቃል። አሁን ከዚያ አብዝታችሁ ጨምሩ። ኪሮሹን በሦስት ቀዳዳ አንድ አንድ ጊዜ ካስገባችሁ በኋላ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሁለት ጊዜ አስገቡ። እንዲህ እያላችሁ ሳታቋርጡ ዙሩ። አራት አምስት ዙር ላይ ጠርዙ መሸብሸብ ይጀምራል። "ተበላሸብኝ" ብላችሁ እንዳትፈቱት! አሥረኛው ላይ እንደ ሰላጣ ቅጠል ይተጣጠፋል፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት ተመልሶ ይከፈታል። ኮራልም እንደዚያ የሚታጠፈው በጠባብ ቦታ ብዙ ገጽ እንዲኖረው ነው። በገጹ ነው ከውሃው ምግብ የሚይዘው። በሁለት አንዴ ብትጨምሩ በጣም ይጨማደዳል፣ በስድስት አንዴ ዘርጋ ይላል። ሰባታችሁ ሰባት ልክ ብትይዙ ሰባት ዓይነት ኮራል ይወጣል።

ክር ከተወደደባችሁ የታጠበ ፌስታል በቀጭኑ ዙሪያውን ቆርጣችሁ እንደ ክር ተጠቀሙ። እነወርታይምም ከፕላስቲክ ቆሻሻ የተሠራ ኮራል አላቸው። ከክሩ የተሠራውን በቀለም፣ አጠገቡ ያለውን በነጭ ብቻ ሥሩት። ደረጃ የሚወጣ ሰው ነጩ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ከላይ ለመምህርቷ የጻፍኩትን ንገሩት። መግቢያው ላይ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ፣ ልጆች በሚደርሱበት ከፍታ ስቀሉት። ይነካካል፣ ይቆሽሻል። በሦስት ወር አንዴ አውርዳችሁ እጠቡት።

ጥያቄ፦ ገላን ላይ የብየዳ ቤት አለኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ካለው አደባባይ ላይ ከሃይላንድ የተሠራ ትልቅ ዓሣ ማቆም ፈልጌያለሁ። ጋሼ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ አሳቡን ወድጄዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሪገን ባሕር ዳር፣ አንጄላ ሃዘልቲን ፖዚ የምትባል መምህር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማዕበል ከሚተፋው ፕላስቲክ ግዙፍ ዓሣና ወፍ ታሠራለች። አንተ ግን አንድ ነገር አስብበት። የእኛ ፀሐይ ጠንካራ ነው። ሃይላንድ ውጭ ከሰነበተ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪው ከዝናቡ ጋር ወደ ቦዩ ይሄዳል። ቦዩ ደግሞ አቃቂ ነው መድረሻው።

ስለዚህ ሃይላንዱን ቆዳ አታድርገው፤ ሆድ አድርገው። ዓሣውን በፌሮና በወንፊት ሽቦ በይደው። አፉን ክፍት ተወው፤ ሰው ሃይላንዱን በአፉ ይጨምር። ጅራቱ ሥር ቁልፍ ያለው በር አውጣለት። ከአካባቢህ ሃይላንድ ሰብሳቢዎች ከአንዱ ጋር ተነጋገርና በየሳምንቱ እየመጣ ያራግፈው፤ ገንዘቡ የሱ ይሁን። ሰው ሐሙስ ሲያልፍ ሆዱ የሞላ፣ ሰኞ ባዶ ዓሣ ያያል። ለክብደቱ ስትል ከሥሩ አርማታ መሠረት ጣልለት፤ ንፋስ እንዳያወዛውዘው 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍር። ከመበየድህ በፊት ወረዳውን ጠይቅ። ሹል ጫፍ ሁሉ በሞላ ይሞረድ፤ እጃቸውን የሚያስገቡት ሕፃናት ናቸው። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀባው። የሙገር ድንጋይ ቁራጭ ካገኘሁ አመጣልሃለሁ፤ መሠረቱ አርማታ ሳይደርቅ ዛጎሏ ወደ ውጭ እንድትታይ አድርገን እንቀብራታለን።